ከመፈረምህ በፊት ካርታ ክፈት፦ አሜሪካ ውስጥ ትራክ ለመንዳት ለምትነሳ ሰው ስለ ስልጠና፣ ሆም ታይምና ተርሚናል

ሪክሩተሩ (ለኩባንያው ሾፌር የሚመለምለው ሰው) በስልክ «በየሳምንቱ ቤትህ ትገባለህ» ካለህ ውሸታም ነው አልልህም። ብቻ አንድ ጥያቄ ጨምርለት፤ «የት ለሚኖር ሰው?» በለው።

እኔ ስጀምር ይህን ጥያቄ የነገረኝ አልነበረም። የጠየቅኩት ሁሉ ስለ ገንዘብ ነበር። በማይል ስንት? ቦነስ አለ ወይ? ስልጠናውም፣ ሆም ታይም የሚባለው ቤት መግባቱም፣ ተርሚናል የሚባለው የኩባንያው የትራክ ግቢም አንድ ነገር ላይ የተንጠለጠሉ መሆናቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ነገሩ የኩባንያው ጭነት በየት በየት ያልፋል የሚለው ነው። ቤትህ መስመሩ ላይ ከሆነ ኑሮ ይቀላል። ከመስመሩ ውጭ ከሆነ የማንም ቃል ኪዳን ቤትህ አያደርስህም።

«አንተ» እያልኩ የምጽፈው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው። የሚነዱ እህቶቻችን በዝተዋል፣ ለእነሱ ብቻ የሚሆን ነገር ሲኖርም እናገራለሁ።

እርምጃ 1፦ ብር ሳትከፍል ራስህን አጣራ

ከስቴት ወደ ስቴት ለመንዳት 21 ዓመት መሙላት አለብህ። 18 የሞላው ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ማውጣት ይችላል፤ የሚነዳው ግን በራሱ ስቴት ውስጥ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የዲኦቲ (የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) የጤና ምርመራ አለ። ከትምህርት ቤት ክፍያ ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም ስላልሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርስ። የሚመረምርህ ሰው በፌዴራል የመርማሪዎች መዝገብ ላይ ስሙ ያለ መሆን አለበት። የጤና ካርዱ ቢበዛ ለ2 ዓመት ይሰጣል። ደም ግፊት ከ140 በ90 ካለፈ ጊዜው ያጥራል፣ በጣም ከፍ ካለም ትከለከላለህ። የምርመራው ዕለት ጠዋት ቡናው ይቅርብህ። ሦስት ስኒ ጠጥቶ ሄዶ «ግፊት የለብኝም እኮ!» እያለ የተከራከረ ሰው አውቃለሁ።

አሁን ብዙዎቻችን በጆሮ የምንነጋገርበትን ነገር በግልጽ ልበለው። ጫት አሜሪካ ውስጥ ሕገወጥ ነው። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገሩ የተመዘገበው ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ፣ ሼጁል 1 ላይ ነው። ማሪዋናም ስቴትህ ቢፈቅደው እንኳ ለሲዲኤል ሾፌር ክልክል ነው። በዕፅ ምርመራ የወደቀ ሰው ክሊሪንግሃውስ በተባለው የፌዴራል መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከኖቬምበር 18፣ 2024 ወዲህ ደግሞ መዝገቡ ላይ የታገደ ሰው በስቴቱ በኩል ሲዲኤሉን ያጣል። «ኩባንያ እቀይራለሁ» ማለት አያዋጣም።

የመኖሪያ ወረቀትህንም ተመልከት። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ካለህ ችግር የለም። በዎርክ ፐርሚት ብቻ ላለ ሰው ግን ይሰጥ የነበረው ነን ዶሚሳይልድ (ቋሚ ነዋሪ ላልሆነ ሰው) የሚባለው ሲዲኤል ነበር። በሴፕቴምበር 2025 የፌዴራሉ መንግሥት በዚህ ላይ ጠንካራ ገደብ አውጥቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ከመክፈልህ በፊት የስቴትህን ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ሰጪ ቢሮ) በአካል ሄደህ ጠይቅ። የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ ብቻ አትስማ።

እንግሊዝኛም አለ። ሕጉ ድሮም ነበር፤ ከጁን 25፣ 2025 ጀምሮ ግን መንገድ ላይ ፖሊስ አስቁሞህ መግባባት ካልቻልክ ወይም ምልክት ማንበብ ካቃተህ ከመንዳት ያግድሃል። በስልክ ማስተርጎም አይፈቀድም። የሚጠየቀው ግን ፈላስፋ መሆን አይፈልግም። ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ጭነሃል፣ ስንት ሰዓት ነዳህ ነው። ወንድምህን ፖሊስ አድርገህ ማታ ማታ ተለማመድ። እየሳቃችሁም ቢሆን ይጠቅማል።

እርምጃ 2፦ ትምህርት ቤት

ከፌብሩዋሪ 7፣ 2022 ጀምሮ በፌዴራሉ የአሰልጣኞች መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ትምህርት ቤት ለክላስ ኤ (ትሬለር ለሚጎትት ትራክ) ፈተና ሊያስቀምጥህ አይችልም። ጓደኛህ በራሱ ትራክ ቢያስተምርህም አይቆጠርልህም። ሕጉ ግን ይህን ያህል ሰዓት ተማር አይልም። በዚህ ቀዳዳ የሚገቡ አሉ፤ ሁለት ሳምንት ሰልፍ አስይዘው አሥር ደቂቃ መሪ የሚያስይዙ። ስለዚህ «በቀን ስንት ሰዓት መሪ እይዛለሁ? በአንድ ትራክ ስንት ተማሪ ነን?» ብለህ ጠይቅ።

ለመክፈል ሦስት መንገድ አለ። ከኪስህ፣ ኩባንያ ከፍሎልህ፣ ወይም በመንግሥት። መጨረሻው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በ2014 በወጣው ዊኦዋ በሚባለው ሕግ ሥራ አጥ ለሆነ ወይም ገቢው ላነሰ ሰው የሲዲኤል ትምህርት የሚከፍሉ ፕሮግራሞች አሉ። አካባቢህ ያለውን አሜሪካን ጆብ ሴንተር (የሥራ አገናኝ ቢሮ) ጠይቅ። ኩባንያ የሚከፍልልህ ከሆነ ውሉን አንብብ። አብዛኛው ለአንድ ዓመት ያህል ያስርሃል፤ ቀድመህ ከለቀቅክ ቀሪውን ትከፍላለህ። ውሉ ራሱ ክፉ አይደለም። ሳታነበው የፈረምከው ነው ክፉ።

የተማሪ መንጃ ፈቃድ (እሱም ፐርሚት ይባላል) ካወጣህ በኋላ ቢያንስ 14 ቀን ሳይሞላ የመንዳት ፈተና አትቀመጥም። ፈተናው ሦስት ነው፦ ተሽከርካሪውን መፈተሽ፣ ግቢ ውስጥ ባክ ማድረግ (ወደ ኋላ መንዳት)፣ ጎዳና ላይ መንዳት። የኛ ሰው የሚወድቀው ባክ ላይ ይመስለዋል። ፍሬን ሲፈትሽ የሚወድቀውም ግን ብዙ ነው። ሞተር አጥፍተህ፣ ቁልፉን መልሰህ ከፍተህ፣ የፍሬን ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ ስትይዝ አየሩ ከ4 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በላይ መውረድ የለበትም። ከዚያ ፔዳሉን እየረገጥክ አየሩን ስታወርድ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፤ ከ45 እስከ 20 ባለው መሀል ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት የፓርኪንግ ፍሬን ጉብታዎች ራሳቸው ይወጣሉ። ይህን በቃል፣ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብለህ እየተናገርክ ነው የምታሳየው። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃልህ ያዘው። አስተርጓሚም አይፈቀድም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአውቶማቲክ ከተፈተንክ መንጃ ፈቃድህ ላይ ገደብ ይጻፋል፣ በእጅ ማርሽ መንዳት አትችልም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ዛሬ በአብዛኛው አውቶማቲክ ስለሆኑ ብዙም አይጎዳህም።

እርምጃ 3፦ ካርታውን ክፈት

እዚህ ጋ ቀስ እንበል።

የትልልቆቹን ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤት ካርታ ላይ አስቀምጥ። ሽናይደር ግሪን ቤይ ዊስኮንሲን፣ ወርነር ኦማሃ ነብራስካ፣ ፕራይም ስፕሪንግፊልድ ሚዙሪ፣ ጄቢ ሃንት ሎዌል አርካንሳስ፣ ስዊፍት ፊኒክስ አሪዞና። አብዛኞቹ መሀል አገር ናቸው። እኛ የምንኖረው ደግሞ ዳር ዳሩን ነው። ዲሲና አሌክሳንድሪያ፣ ሲያትል፣ ላስቬጋስ። ነገሩ ከዚህ ይጀምራል።

ሁለተኛው የጭነት ነገር ነው። አንዳንድ ከተማ ይበላል እንጂ አያመርትም። ዴንቨርና ላስቬጋስ እንደዚያ ናቸው። ጭነት ይገባባቸዋል፣ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። ደቡብ ፍሎሪዳም እንዲሁ። አንተን ቤት የሚያስገባ ሎድ (ጭነት) ይገኛል፤ የሚያስወጣህ ግን ስለማይገኝ ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድብልህ ሰው) ሊያስገባህ ይፈራል። ዳላስ፣ አትላንታ ወይም ኮሎምበስ ኦሃዮ የሚኖር ሐበሻ ግን ዕድለኛ ነው። መጋዘን በመጋዘን ስለሆነ ሁሌም የሚገባም የሚወጣም አለ።

ስለዚህ ሪክሩተሩን እንዲህ ጠይቀው። ለቤቴ ቅርብ የሆነው ተርሚናላችሁ የት ነው? እኔ ካለሁበት ዚፕ ኮድ አሁን ስንት ሾፌር አላችሁ? ከመካከላቸው አንዱን በስልክ ልታገናኙኝ ትችላላችሁ? በሳምንት ስንት ሎድ በአካባቢዬ ያልፋል? መጨረሻ ላይ፣ የነገርከኝን በኢሜይል ጻፍልኝ በለው። የሚጽፍልህና የማይጽፍልህ ሪክሩተር አንድ አይደሉም።

ስለ ሐበሻ ኩባንያዎች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጥሩዎች አሉ፤ በዓሉንም ጾሙንም የሚያውቅ አለቃ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልምድ የሌለውን ሾፌር ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ አይቀበለውም። «እንይዝሃለን» ካሉህ አከፋፈሉን ጠይቅ። በ1099 (እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ግል ሠራተኛ) ከሆነ 15.3 ከመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ታክሱን ራስህ ነህ የምትከፍለው። አደጋ ደርሶብህ ብትተኛ የሚከፍልህም ላይኖር ይችላል። በኩባንያው ትራክ፣ በኩባንያው ዲስፓች እየነዳህ 1099 መሆን መጀመሪያውኑ ጥያቄ ያለው ነገር ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ትራክ በሊዝ (ከኩባንያው በኪራይ እየከፈልክ) ወስደህ «ባለቤት» ለመሆን አትቸኩል። ጉዳዩን እንዲያጠና የተቋቋመው የፌዴራል ግብረ ኃይል በ2025 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያሉት የሊዝ ፕሮግራሞች እንዲታገዱ ጠይቋል። ሌላ ምን ልበልህ።

እርምጃ 4፦ ኦሪየንቴሽን

ለኦሪየንቴሽን (ለአዲስ ሰው መግቢያ ፕሮግራም) ኩባንያው የአውቶቡስ ቲኬት ልኮ ወደ አንዱ ተርሚናል ይወስድሃል። ሆቴል ውስጥ ብዙ ጊዜ ከማታውቀው ሰው ጋር ሁለት ሆናችሁ ትተኛላችሁ። ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይፈጃል። የሽንት ምርመራ፣ አንዳንዱ ጋ የፀጉርም፣ ከዚያ የመንዳት ፈተና፣ ከዚያ ወረቀት በወረቀት ላይ። እዚህ ተጠርተህ መጣህ ማለት ተቀጠርክ ማለት አይደለም፤ ከመሀል የሚሸኙ አሉ።

የምትይዘው፦ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የመኖሪያ ወይም የዜግነት ወረቀት፣ የጤና ካርድ፣ የ3 ዓመት የሥራ ታሪክ። ከዚህ በፊት ሲዲኤል የሚጠይቅ ሥራ ከሠራህ የ10 ዓመት። ኡበር ወይም ታክሲ ስትነዳ የነበርክ ከሆነ የታክስ ወረቀቶችህን ያዝ፤ ደውሎ የሚጠይቀው አለቃ ስለሌለ ማስረጃህ እሱ ነው። አገር ቤት ሄደህ ስድስት ወር ከቆየህ የፓስፖርትህ ማኅተም ያስፈልግሃል። ክፍተቱን ካላስረዳህ ይጠራጠሩሃል።

ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ገንዘብም ያዝ። የመጀመሪያው ክፍያ ይዘገያል።

እርምጃ 5፦ ከትሬነር ጋር

አገር ቤት ሾፌርነት የሚለመደው በረዳትነት ነው። ረዳቱ ጎማ ይቀይራል፣ ጭነት ይጠብቃል፣ ሸራ ያስራል፣ እያየ ይማራል። እዚህም ያው ነው፤ ልዩነቱ ረዳቱ መሪ ይይዛል፣ ሾፌሩ ከኋላ ይተኛል።

ይህን ቀድመህ እወቀው። ስልጠናው ብዙ ኩባንያ ጋ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ነው። በሰዓት ወይም በማይል የሚቆጥሩ ደግሞ ከዚያም ያስረዝሙታል። መጀመሪያ ትሬነሩ (አሰልጣኝ ሾፌሩ) ከጎንህ ይቀመጣል። ከዚያ አንዳንድ ኩባንያ ሁለታችሁን እንደ ቲም ያሠራችኋል። አንተ ስትነዳ እሱ ይተኛል፣ ሲነቃ አንተ ትተኛለህ፣ ትራኩ አይቆምም። ሕጉ ከ10 ሰዓት እረፍት በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቅዳል፤ ሁለት ሾፌር ካለ ትራኩ ቀን ከሌት ይሄዳል። ጭነቱ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ትሬነሩም በማይሉ ይጠቀማል። አንተስ? የተማርከው ቀጥ ያለ ሃይዌይ በሌሊት መንዳት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ከትሬነር ጋር የምንሠራው በቲም ነው ወይስ በአንድ ሰው ሰዓት?» የሚለውን ከኦሪየንቴሽን በፊት ጠይቅ።

የመጀመሪያ ትሬነሬ በሦስት ሳምንት ውስጥ ባክ ያስደረገኝ አራት ጊዜ ነው። «ቸኩያለሁ፣ እኔ ላስገባው» ይላል። ዝም አልኩ። ለብቻዬ የወጣሁ ዕለት መጋዘን ደጃፍ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ አምስት ሾፌር ወርዶ ቆሞ እያየኝ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መጥቶ «ስፖኪዮህን እይ፣ ጂፒኤሱን ተወው» አለኝ። ስፖኪዮ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱስ በእንግሊዝኛው ነው ያለኝ። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

አንተ ዝም አትበል። «ዛሬ ዶክ (የመጋዘኑ መጫኛ ደጃፍ) ላይ የማስገባው እኔ ነኝ» በለው፣ በየቀኑ። ከዚህ ሌላ ከትሬነር ሳትለይ እነዚህን በእጅህ ሥራቸው። ሚዛን ላይ መውጣት፤ ጠቅላላው 80,000 ፓውንድ፣ እያንዳንዱ ጥንድ አክስል (የጎማ ዘንግ)፣ የትራኩም የትሬለሩም፣ 34,000። ሲበዛ የትሬለሩን ጎማዎች ወደፊትና ወደኋላ ማንሸራተት። ካሊፎርኒያ ስትገባ ከኪንግፒኑ (ትሬለሩ ከትራኩ ከሚያያዝበት ብረት) እስከ ኋለኛው አክስል 40 ጫማ እንዳያልፍ መለካት። ከተቻለ ደግሞ ተራራ። ኮሎራዶ ውስጥ አይ 70 አውራ ጎዳና ላይ የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ደግሞ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው መንገድ የጎማ ሰንሰለት ሳትይዝ አትሄድም። ሰንሰለት ማሰርን ፀሐይ ላይ ቆመህ ተማረው። በረዶ ውስጥ ጣትህ አይታዘዝም።

ካልተስማማችሁስ? ትሬነር ይቀየርልኝ ማለት ትችላለህ። ቢያጨስ፣ ቢሳደብ፣ የእሱ የመንዳት ሰዓት አልቆ በአንተ ሎግ (የሰዓት መዝገብ) ልንዳ ቢልህ፣ ለትሬኒንግ ክፍል ደውል። እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ሴት ትሬነር የሚመድቡ ኩባንያዎች ስላሉ ቀድመሽ ጠይቂ። ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ሳምንታት ልትጠብቂ ትችያለሽ። ጠብቂ። ምቾት ካልሰጠሽ ሰው ጋር አንድ ካቢን ውስጥ ለወር ከመተኛት ሦስት ሳምንት ቤት መጠበቅ ይሻላል።

የምግብ ነገር። በሁዳዴ ትራክ ስቶፕ ገብተህ የጾም ምግብ ስትፈልግ ሁሉም ነገር ላይ አይብ አለ። በ12 ቮልት የሚሠራ ማሞቂያ ሳጥን ግዛ፤ ሽሮ ያሞቃል። እንጀራውን በየሁለቱ ጠቅልለህ አቀዝቅዘው። ትሬነርህ ስለ ሽታው ሊያጉረመርም ይችላል፤ አቅምሰው፣ ዝም ይላል።

እርምጃ 6፦ ሆም ታይምን በሰዓት ቁጠር

ረጅም መንገድ ላይ የተለመደው ስሌት አንድ ሳምንት ውጭ ለሆንክበት አንድ ቀን ቤት ነው። አራት ሳምንት ወጥተህ አራት ቀን ትገባለህ። አባዛው፤ በዓመት 45 ቀን ገደማ ይመጣል። ልጅ ላለው ሰው ይህን ለሚስቱ ቁጭ ብሎ በቁጥር መንገር የተሻለ ነው። «ብዙ እመጣለሁ» አይበቃም።

ሪጅናል የሚባለው፣ በአንድ አካባቢ ስቴቶች ውስጥ ብቻ የሚዞረው ሥራ፣ ዊክኤንድ ያስገባል ይባላል። ዊክኤንዱ ግን ብዙ ጊዜ 34 ሰዓት ነው። በ8 ቀን ውስጥ 70 ሰዓት ከሠራህ በኋላ ሰዓትህን አዲስ ለማድረግ ሕጉ የሚጠይቀው እረፍት 34 ሰዓት ስለሆነ፣ ለኩባንያው በቂ ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ከገባህ እሑድ ማታ በ10 ሰዓት፣ ማለትም በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ትወጣለህ። ቅዳሴ ሄደህ፣ ልብስህን አጥበህ፣ ልጆቹን አቅፈህ፣ አለቀ። ዴዲኬትድ፣ ማለትም ለአንድ ደንበኛ ብቻ በቋሚ መስመር መሥራት፣ ከሁሉም ይሻላል። ግን ብዙ ጊዜ ጭነቱን በእጅህ ታወርዳለህ። በየቀኑ ቤት የሚያስገባው ሎካል ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ልምድ ይጠይቃል።

በዓላችንን ዲስፓቸርህ አያውቀውም። ፋሲካችን ከነሱ ጋር የሚገጥመው አንዳንዴ ነው፤ በ2027 ለምሳሌ አይገጥምም፣ የኛ ሜይ 2 ነው። ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 (አንዳንድ ዓመት 20)፣ ዕንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 (አንዳንድ ዓመት 12)። ዒድ ደግሞ በየዓመቱ ይቀየራል። ዓመቱ ሲጀምር ቀኖቹን ጽፈህ ስጠው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በትራኩ ታብሌት ላይ በጽሑፍ ጠይቅ። በስልክ የተባለ አይቆጠርም። የምትጠይቀውም ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድሞ ለመግባት ይሁን። መጋዘን ያዘገይሃል፣ በረዶ ይጥላል፣ እንዲያ ስትል ዶሮው ይበርድብሃል።

ትራኩን የት ታቆማለህ? ብዙ ካውንቲ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ማቆም ይከለክላል፣ ቅጣቱም አይናቅም። ለቤትህ ቅርብ ያለ ተርሚናል ወይም የትሬለር ማቆሚያ ግቢ ካለ ጥሩ። ከሌለ የምታቆምበትን አስቀድመህ አስፈቅድ። የምትጎትተው ሪፈር (የማቀዝቀዣ ትሬለር) ከሆነ ደግሞ ጭነት ይዘህ ቤት አትግባ፤ ሥጋና አትክልት የጫነ ማቀዝቀዣ እየጠበቅክ እንቅልፍ አይወስድህም።

እርምጃ 7፦ ተርሚናል ምን ያደርግልሃል

አዲስ ሰው ተርሚናል ሲባል ቢሮው ይመስለዋል፣ በየሳምንቱ የሚመለስበት። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌር ግን በወር አንዴም ላያየው ይችላል። ሲያየው ግን ይወደዋል። ማታ የምትፈልገው ማቆሚያ አለ፣ ሻወር አለ፣ ልብስ ማጠቢያ አለ፣ ጋራዥ አለ፣ ናፍጣ አለ። ትራክ ስቶፕ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ማቆሚያ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ስትቀምሰው የተርሚናል ግቢ ዋጋ ይገባሃል።

በመንገድህ ላይ ተርሚናል ካለ ሰበብ ፈልገህ ግባ። የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ አሳይ። ዲስፓቸርህ እዚያ የሚቀመጥ ከሆነ ሄደህ በፊቱ ቁም፣ ጨብጠው። በስክሪን ላይ ቁጥር የነበርከው ሰው ሆንክ። እኔ ይህን ካደረግኩ በኋላ ሎዴ ተሻሽሏል። ሽንገላ አይደለም፤ ሰው ሰውን ሲያውቅ እንዲያ ነው።

ትራክህ ሲበላሽ ጋራዡ ሁለት ቀን ሊያቆይህ ይችላል። የማቆያ ክፍያና ሆቴል ይሰጣሉ ወይ? ይህን በኦሪየንቴሽን ወረቀት ውስጥ ፈልገው፤ አለ፣ ማንም አያነበውም እንጂ።

እርምጃ 8፦ ስትለቅ

ዓመቱ ሞላ፣ ውሉ አለቀ፣ የተሻለ ሥራ አገኘህ። ትራኩን መንገድ ላይ ወይም ትራክ ስቶፕ ጥለህ አትሂድ። ኩባንያው «ትራክ ጥሎ ጠፋ» ብሎ ዳክ በሚባለው የሾፌሮች ታሪክ ሪፖርት ላይ ካስገባው፣ ሪፖርቱን የሚጠይቁ ቀጣሪዎች ሁሉ ያዩታል። ለዲስፓቸርህ በጽሑፍ ንገር፣ የትኛው ተርሚናል እንደምታስረክብ ተስማማ። የምትደርሰው ጠዋት፣ በቀን ብርሃን ይሁን። ከአልጋው ሥር፣ ከጎን ሳጥኖቹ ውስጥ ያለህን አውጣ። ከዚያ የትራኩን አራቱን ጎን፣ ጎማዎቹን፣ የማይል ቁጥሩንና የናፍጣ መጠኑን ፎቶ አንሳ። ቁልፉን የተቀበለህን ሰው ስምና ሰዓት ጻፍና አስፈርመው።